የትናንት እንጀራ የለንም፦ ሰው የማይረሳው ማስታወቂያ እንዴት ይሠራል?

(ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ላይ ለጀማሪ ነጋዴዎችና ማስታወቂያ ለሚሠሩ ወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። መግቢያ አላበዛም፣ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዛሬ ከቤት ወጥታችሁ እዚህ እስክትደርሱ ምን ያህል ማስታወቂያ እንዳጋጠማችሁ አስቡት። ታክሲው ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። መንገዱ ዳር ቢልቦርድ ተሰቅሏል። ሕንፃው ላይ ባነር፣ ስልካችሁ ላይ የቴሌግራም ቻናል፣ ቲክቶክ ላይ ደግሞ ሶፋና መጋረጃ የሚሸጥ ሰው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አሁን ስሙን ጠርታችሁ «እንዲህ ይል ነበር» የምትሉኝ የቱ ነው? አንድ ካገኛችሁ ጎበዝ ናችሁ። ለሁሉም ግን ገንዘብ ተከፍሎበታል። አንዳንዱ ነጋዴ የሱቅ ኪራዩን የሚያህል ብር ነው ያወጣበት። እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው፤ ሰው ለፍቶ ያገኘውን ገንዘብ ማንም ለማይሰማው ወሬ ሲያፈሰው ማየት።

ዛሬ የምነግራችሁ ዋናው ነገር አንድ ነው። የሚታወስ ማስታወቂያ ስለ ዕቃው አንድ እውነት ፈልጎ ያገኘ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ደግሞ ለመተው የደፈረ ነው። ፍለጋው ድካም አለው። መተዉ ግን ይብሳል፣ ምክንያቱም ባለንብረቱ ሁሉም እንዲነገርለት ይፈልጋል።

እስቲ የምናውቀውን ማስታወቂያ አንዴ አብረን እንስማው። «ጥራቱን የጠበቀ ምርት በተመጣጣኝ ዋጋ! ለረጅም ዓመታት ባካበትነው ልምድ፣ ብቃት ባላቸው ባለሙያዎች፣ ቀልጣፋና አስተማማኝ አገልግሎት እንሰጣለን። ይምጡና ይጎብኙን፣ ይደሰታሉ!» ይሄ የምን ማስታወቂያ ነው? የቀለም ፋብሪካ ነው? የጥርስ ክሊኒክ ነው? የመኪና ኪራይ ነው? አይታወቅም፤ የሁሉም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀላል መፈተኛ ልስጣችሁ። ማስታወቂያችሁን ጻፉና የራሳችሁን ስም አውጥታችሁ የተፎካካሪያችሁን ስም አስገቡበት። ምንም ሳይጎረብጥ ከሄደ ለእሱ ነው የጻፋችሁለት።

አሁን ደግሞ ከዚህ ተቃራኒውን እንይ። ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት እየተባሉ የሚጠሩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቱሪዝሙን ሥራ ሲመሩ ለውጭ አገር ሰው ኢትዮጵያን ማስተዋወቅ ነበረባቸው። ምን ይበሉ? ተራራ አለን ቢሉ ስዊዘርላንድም አለው። ታሪክ አለን ቢሉ ግብፅም ግሪክም አለ። እንግዳ ተቀባይ ነን የማይል አገር ደግሞ የለም። እሳቸው ታዲያ የ13 ወር ፀሐይ ያለባት አገር ብለው ወጡ፤ እኛ ቤት «የ13 ወር ጸጋ» ሆኖ የቀረው ማለት ነው።

አንድ የለንደን ሰው ይህን ፖስተር ሲያይ ምን እንደሚሆን አስቡት። 13 ወር? ወር እኮ 12 ነው፣ ተሳስተው ነው እንዴ? ይጠይቃል። ሲጠይቅ 12ቱ ወራት እኩል ሠላሳ ሠላሳ ቀን እንደሆኑ፣ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜ የምትባል ወር እንዳለች፣ አገሩ የራሱ አቆጣጠርና የራሱ ፊደል እንዳለው ይሰማል። በአንዲት ቁጥር ሙሉ አገር ተነገረው። ዓለም ላይ ይህን መስመር ተውሶ የሚጠቀም ተፎካካሪ ማግኘትም ከባድ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ አቶ ሀብተሥላሴ ጳጉሜን አልፈጠሯትም። ሁላችንም ስንኖርባት የነበረችውን ወር ነው እንደ እንግዳ ሰው ዓይን አዲስ አድርገው ያዩአት።

ሐቁን ለመናገር ፀሐይ የምትለዋ ትንሽ የተጋነነች ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ የመጣ ቱሪስት የሚፈልገው ጃንጥላ ነው። ቁጥሯ ግን እውነት ናት፣ ሥራውን የሠራችውም ቁጥሯ ናት። ያ መስመር ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አገለገለ። ዋሽንግተን ዲሲ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተሰቅሏል። እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚለው ተተካ። ከአዲሱ ጀርባ ያለው ነገር ትልቅ ነው፤ ሉሲ አለች፣ ቡና አለ፣ ዓባይ አለ። እኔ ግን አሁንም የድሮውን እመርጣለሁ። አዲሱ ራሱ መልስ ሰጥቶ ያበቃል፤ የድሮው ሰውየውን «እንዴት?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። የጠየቀ ሰው ደግሞ መልሱን አይረሳም።

ወደ ውጭም አንድ ሁለት ምሳሌ እንሂድ። ቮልስን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ድረስ የምትሄድ መኪና ናት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1959 ይህችን መኪና መሸጥ ከባድ ነበር። ያኔ የአሜሪካ መኪና ረጅም፣ ሰፊ፣ በክሮም ያሸበረቀ ነው። ቮልስ ደግሞ ትንሽ፣ ድቡልቡል፣ በዚያ ላይ የጀርመን ሥሪት፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና 14 ዓመቱ ነው። ማስታወቂያውን የያዘው ዶይል ዴን በርንባክ የሚባል የኒውዮርክ ድርጅት ነበር። ጁሊያን ኮኒግ ጻፈው፣ ሄልሙት ክሮን ንድፉን ሠራው። ምን አደረጉ? አንድ ሙሉ የመጽሔት ገጽ ወስደው ባዶ ተዉት። ጥግ ላይ አንዲት ትንሽዬ መኪና አስቀመጡ። ከሥር «ትንሽ አስቡ» የሚል ርዕስ።

እስቲ ገጹን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። የገጽ ዋጋ ተከፍሎ አብዛኛው ነጭ ነው። ባለንብረቱ «ይሄ ሁሉ ቦታ ባዶ ለምን ቀረ?» ማለት ይችል ነበር፤ ብዙዎቻችን እንል ነበር። ነጩ ቦታ ግን መኪናዋን ይበልጥ ትንሽ አደረጋት፣ ዓይንም ሌላ የሚያርፍበት ስለሌለው እሷ ላይ ሄዶ ያርፋል። ጽሑፉ ደግሞ ትንሽነቷ የሚጠቅምበትን ይዘረዝራል፤ ጠባብ ቦታ ላይ ስታቆሟት፣ ኢንሹራንሷን ስታሳድሱ፣ የጥገና ሒሳቧን ስትከፍሉ። ሰው ሁሉ እንደ ነውር ያየውን ነገር ፊት ለፊት አውጥተው መሸጫ አደረጉት።

ቀጥለው የሠሩት ደግሞ ይብሳል። የመኪናዋን ፎቶ አወጡና ከሥሩ አሜሪካኖች ብልሹ መኪናን የሚሰድቡበትን ቃል ጻፉበት። የራሳቸውን መኪና! አንባቢው ደንግጦ ጽሑፉን ሲያነብ ይህቺ መኪና የእጅ ዕቃ ማስቀመጫዋ ላይ ያለው የክሮም ጌጥ ትንሽ ጉድለት ስለተገኘበት ከፋብሪካ እንዳትወጣ መደረጓን ያገኛል። ፋብሪካው ውስጥ ሥራቸው መፈተሽ ብቻ የሆነ 3,389 ሰዎች አሉ፣ በቀን የሚመረተው መኪና ግን 3,000 ነው ይላል፤ ከመኪናው ፈታሹ ይበዛል ማለት ነው። «ጥራቱን የጠበቀ» የምትል ቃል አንድም ቦታ የለችም። ግን ከዚህ በላይ ስለ ጥራት የሚናገር ነገር ምን አለ? ቁጥሩንና ያቺን ጌጥ ካየህ በኋላ «ጥራት» የሚለውን ቃል አንተው ራስህ ትለዋለህ። ሰው ራሱ የደረሰበትን ድምዳሜ ከተነገረው ይልቅ ያምነዋል።

ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 ኤቪስ የሚባለውን የመኪና አከራይ ያዘ። ኤቪስ ከኸርትዝ ቀጥሎ ሁለተኛ ነበር፣ ከዓመት ዓመትም ይከስራል። ፓውላ ግሪን የምትባል ጸሐፊ ሁለተኛ ነን ብላ ጻፈችው፤ ሁለተኛ ስለሆንን የበለጠ እንተጋለን። ቆሻሻ የሲጋራ መተርኮሻ፣ ግማሽ የጎደለ ነዳጅ፣ ያልታጠበ መኪና እንዲያጋጥማችሁ ማድረግ አንችልም። ደግሞም ወደ እኛ ኑ፣ ሰልፉ አጭር ነው! ኩባንያው በዓመቱ ወደ ትርፍ ተመለሰ፣ መስመሩም 50 ዓመት ቆየ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ግን እኔ ከሁሉ የምወደው ሌላ ነገር ነው። የኤቪስ ኃላፊ ሮበርት ታውንሴንድ ገና ሥራው ሳይጀመር፣ የምትሠሩልንን ማስታወቂያ አንዲት ቃል ሳንነካ እናወጣዋለን ብሎ ቃል ገባ። ሲመጣ ፈርቶት ሊሆን ይችላል፤ አወጣው። እኛ ጋ ምን ይደረጋል? ጥሩ ሐሳብ ይቀርባል። ሥራ አስኪያጁ የምሥረታ ዓመታችን ይግባበት ይላል። ሽያጭ ክፍሉ ቅርንጫፎቻችን ሁሉ ይዘርዘሩ ይላል። የአንዱ ባለአክሲዮን ባለቤት ቀለሙ አልተስማማትም። በመጨረሻ የሚወጣው ማንንም የማያስቆጣ፣ ማንም የማያስታውሰው ነገር ነው። እዚህ ውስጥ ባለንብረት የሆናችሁ ካላችሁ ለምነን ብትሉኝ እለምናችኋለሁ፤ ሐሳቡ እውነት መሆኑን አረጋግጡ፣ ከዚያ እጃችሁን አንሱለት።

«እኛ ቮልስ አይደለንም፣ ትንሽ ሥራ ነው ያለን» የምትሉ አላችሁ። እሺ፣ ትንሽ ሥራ እንያዝ።

እንበል አንዲት ሴት እንጀራ ጋግራ ለሱቆችና ለሰፈር ሰው ታከፋፍላለች። ማስታወቂያ ጻፍልኝ ብላ ስትመጣ እንዲህ የሚል ወረቀት ይዛ ነው፦ «ምርጥ የማኛ ጤፍ እንጀራ! ንጽህናው በተጠበቀ ሁኔታ፣ ልምድ ባላቸው ጋጋሪዎች፣ በተመጣጣኝ ዋጋ! ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለተዝካር ትዕዛዝ እንቀበላለን።» ይሄ ወረቀት ላይ የሚሠራ ነገር የለም። ወረቀቱን አስቀምጠህ ሴትየዋን ማናገር ነው ያለብህ። እህቴ፣ ሊጡ ስንት ቀን ይቆያል? ስንት ሰዓት ትነሻለሽ? ምጣዱን በምን ታሰሺዋለሽ? የተረፈውስ ምን ይሆናል? መጨረሻው ጥያቄ ላይ፣ ነገሩን ከቁም ነገር ሳትቆጥረው፣ «ያደረውንማ አልሸጥም፣ ድርቆሽ አደርገዋለሁ» ትላለች።

በቃ! ማስታወቂያው ተገኘ። «የትናንት እንጀራ የለንም።» ከሥር በትንሹ «ድርቆሽ ግን አለን።» ሌላ ምንም።

ለምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ከሱቅ እንጀራ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቤቱ ደርሶ ሲፈታው ጠርዙ ደርቆ፣ ሲጠቀለል እየተሰነጠቀ አግኝቶት ያውቃል። ያ ንዴት ውስጡ አለ፤ መስመሩ እሱን ነው የሚነካው። ተፎካካሪ አልተሰደበም፣ ስሙም አልተነሳም። ሰውየው ግን ነገ ሌላ ሱቅ ሲገባ «ይሄ የመቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያቺን ጥያቄ አፉ ላይ ያስቀመጠችው የእኛዋ ሴትዮ ናት። ድርቆሹ ደግሞ ማስረጃ ነው። የተረፈው የት እንደገባ ስለተነገረህ ነገሩ የዋዛ ወሬ እንዳልሆነ ይገባሃል።

አደጋም አለው፣ እሱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንድ ቀን ገበያ ቀዝቅዞባት ያደረ እንጀራ ቀላቅላ ከሸጠች አለቀላት። ያው መስመር መሳደቢያዋ ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ መጀመሪያ የሚያዘው ኩሽናውን ነው። ሠራተኞቿ ማወቅ አለባቸው፣ የሚቀበሏት ሱቆች መስማማት አለባቸው፣ ኪሳራው አስቀድሞ መሰላት አለበት። አገራችን የማስታወቂያ አዋጅ አላት፣ አዋጅ ቁጥር 759/2004፣ አሳሳች ማስታወቂያ ይከለክላል። ግን ከአዋጁ በፊት የሚይዝህ ደንበኛህ ነው።

አሁን ወደ ድምፅ ልምጣ፣ ምክንያቱም እኛ ሰሚ ሕዝብ ነን። ሬዲዮ ይሰማል፣ ታክሲ ውስጥ ይሰማል፣ ሰው ለሰው ይነጋገራል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሁሉ የተሳካው የድምፅ ማስታወቂያ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የቆራሌው ነው። አንድ ቃል፣ አንድ ዜማ። ጠዋት ከሩቅ ገና ቃሉ ሳይለይ ዜማው ሲሰማ እናቶች የተሰበረ ጀሪካንና ያረጀ ጫማ ፍለጋ ይነሳሉ። የልዋጩ ደግሞ ሌላ ዜማ አለው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ልጅ የለም። ስቱዲዮ የለ፣ የሙዚቃ ባለሙያ የለ። በየቀኑ ያው ቃል በዚያው ዜማ ነው። አሥር ዓመት ውጭ የኖረ ሰው ሲመለስ እንኳ ይለየዋል።

ተረትና ምሳሌዎቻችንንም አጥኗቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አራት ቃል ናት። ሁለቱ በዓይን የሚታዩ ናቸው፣ ድርና አንበሳ፣ አንዱ ከሁሉ ደካማ አንዱ ከሁሉ ብርቱ። መሐል ላይ ትከፈላለች፣ ቤት ትመታለች፣ በአንድ ትንፋሽ ታልቃለች። «መተባበር ለስኬት ወሳኝ ነው» ብንል ያው ሐሳብ ነው፣ ግን ማን ይይዘዋል? እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቤት ማስመታት ብቻውን ዋጋ የለውም። «በእኛ ምርት ይደሰቱ፣ ዛሬውኑ ይሸምቱ» ቤት ይመታል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። መጀመሪያ እውነቱን፣ ከዚያ ዜማውን።

ሬዲዮ ላይ ደግሞ ማስታወቂያን የሚገድለው ጥድፊያው ነው። በ30 ሰከንድ ውስጥ የሁለት ጎረቤቶች ጭውውት፣ ዘፈን፣ ስድስት ቅርንጫፍና አራት ስልክ ቁጥር ይታጨቃል። አንባቢው የመጨረሻውን ክፍል እንደ ጨረታ አጫራች ይሮጥበታል። ስልክ ቁጥር በሬዲዮ ሰምቶ የሚይዝ የታክሲ ተሳፋሪ አለ? አንድ ቁጥር ከሆነ፣ እሱም ቀላል ከሆነ፣ ሁለቴ ይባል። ካልሆነ የሰፈሩን ስምና የታወቀ ምልክት ተናግሮ ዝም ማለት ይሻላል።

ታዋቂ ሰው ስለመጠቀም ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። አልቃወምም። ግን ያው ተዋናይ ጠዋት ባንክ፣ ቀን ቀለም፣ ማታ ዳይፐር ሲያስተዋውቅ ሰው የሚይዘው ተዋናዩን ነው። ማስታወቂያችሁን ላላየ ጓደኛችሁ ተርኩለት። ሳቁን፣ ዘፈኑን፣ ተዋናዩን ተርካችሁ ጨርሳችሁ የዕቃው ስም ትረካው ውስጥ ካልገባ፣ ለዘፈኑና ለተዋናዩ ነው የከፈላችሁት። በደንብ የተሠራ ማስታወቂያ ግን ዕቃው ከወጣ ታሪኩ ራሱ ይፈርሳል።

የቢራ ማስታወቂያዎቹን አስታውሱ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከቢልቦርድ እስኪከለከሉ ድረስ አየሩን ሞልተውት ነበር። ፏፏቴ፣ ተራራ፣ ጭፈራ፣ ብርጭቆ የሚያጋጩ ጓደኛሞች። ጠርሙሱን በእጃችሁ ብትሸፍኑት የማን እንደሆነ አትለዩትም ነበር። ክልከላው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልጆች እያዩ ነበር። ለሙያችን ግን ትልቅ ፈተና ሆኖ አለፈ፤ ማስታወቂያው ሲጠፋ ሰው ዓይን ውስጥ የቀረው የራሱ ምልክት የነበረው ነው። ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶ የሚወጋው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1922 ከተመሠረተ ፋብሪካ ጠርሙስ ላይ ነው ያለው፣ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይለየዋል።

ስለዚህ አትቀያይሩ። ባለንብረት በማስታወቂያው የሚሰለቸው ገበያው ገና መስማት ሲጀምር ነው፤ እሱ በየቀኑ ስለሚያየው ሰው ሁሉ ያየው ይመስለዋል። በየበዓሉ አዲስ መፈክር፣ በየስድስት ወሩ አዲስ ቀለም የሚያወጣ ድርጅት ሁልጊዜ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ አጭር ነገር። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ተዉት። ሰው ዋጋ ሲደበቅበት የሚያስበው አንድ ነገር ነው፣ እንደ መልኬ አይተው ሊያስከፍሉኝ ነው። ዋጋውን በግልጽ ጻፉ። ሁሉም በሚደብቅበት ገበያ ዋጋ መጻፍ ብቻውን ያስለያል፣ በነፃ የሚገኝ እውነት ነው።

ከጥያቄዎቹ አንዱን ላንሳ። አንድ ወጣት እንዲህ አለ፦ «እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ሰፈራችን ውስጥ እንደኔ ያለ ብዙ ነው፣ የተለየ ነገር የለኝም፣ ለማስታወቂያ ያለኝም ትንሽ ብር ነው። ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ ደንበኛህ ከሚፈራው ጀምር። ስልኩን ሰጥቶህ ሲሄድ ምን ይፈራል? ኦሪጅናሉን ዕቃ አውጥቶ ሌላ ይገጥምብኛል፣ ፎቶዬን ይከፍታል። ይሄን ሁሉም ይፈራል፣ ማንም ግን ጮክ ብሎ አይናገረውም። አንተ ተናገረው፦ «ዓይንዎ እያየ ተፈትቶ፣ ዓይንዎ እያየ ይገጠማል።» የወጣውን አሮጌ ዕቃ ደግሞ በእጁ ስጠው። ያለህን ብር ሬዲዮ ላይ አታውጣው። መጀመሪያ የምትሠራበትን ጠረጴዛ ከጓዳ አውጥተህ በመስታወቱ በኩል አድርገው፣ ደንበኛው የሚቀመጥበት ወንበር ግዛ፣ ጥሩ መብራት አስገባ። ከዚያ በሚተርፍህ ያቺን መስመር ብቻ መስታወቱ ላይ በትልቁ አጽፋት። «ሶፍትዌር እንጭናለን፣ ካርድ እንሸጣለን፣ ኮፒ እናደርጋለን» የሚለውን ሁሉ አንሳው፤ እሱን የፈለገ ሰው ገብቶ ይጠይቅሃል።